አሸዋ የሚበላው እንስሳ፤ የባሕር ኪያር አመጋገብ እንዴት እንደታወቀ

የታሪክ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀትም ራሱ ታሪክ አለው። አንድ ነገር በሚገባ ከመታወቁ በፊት ማን ምን ብሎ እንደገመተው፣ የት ላይ እንደተሳሳተ፣ ስሕተቱም በምን መንገድ እንደታረመ መመርመር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፈረንጆች «የባሕር ኪያር» የሚሉት እንስሳ ከባሕር ወለል የሚያነሣውን አሸዋና ደለል እንዴት ምግብ እንደሚያደርገው፣ ይህም በሰው ዘንድ እንዴት እንደታወቀ ነው።

ስለዚህ እንስሳ ሦስት ጥያቄዎች ተጠይቀዋል። የመጀመሪያው «ምንድር ነው?»፣ ሁለተኛው «ምን ይበላል?»፣ ሦስተኛው «ምን ያህል ይበላል?» የሚል ነው። ሦስተኛው ጥያቄ በሚዛንና በቍጥር የተመለሰው ከሁሉ ዘግይቶ ነው፤ የእንስሳውን እውነተኛ ሥራ የገለጠው ግን እሱ ነው። ነጋዴው በበኩሉ ከሊቁ ብዙ ዘመን ቀድሞ እንስሳውን ይቈጥረው ነበር፤ ሆኖም የሚቈጥረው በሥራው ሳይሆን በደረቀ ሥጋው ዋጋ ነው። የገበያው ቍጥር መቅደሙና የሳይንሱ ቍጥር መዘግየቱ ያመጣውን ጉዳት በመጨረሻ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

1. የእንስሳው መልክና ስም

የባሕር ኪያር ስሙ የአትክልት ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ሊቃውንት ሆሎቱሪያ ይሉታል። ዘመዶቹ የባሕር ኮከብና የባሕር ጃርት ናቸው። ሰውነቱ ረዘም ያለና ድቡልቡል ሲሆን፣ በአንደኛው ጫፍ አፉ፣ በሌላው ጫፍ መውጫው ይገኛል። አጥንት የለውም፤ በቆዳው ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የኖራ ቅንጣቶች ተበትነው ይገኛሉ። እስከ ዛሬ የታወቁት ዓይነቶች ከ1,700 በላይ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ምግብ ያጠምዳሉ፤ የእኛ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ወለሉን እየጠረጉ ደለል የሚበሉትን ነው።

«ሆሎቱሪያ» የሚለው ቃል ጥንታዊ ነው። አሪስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት ሲጽፍ፣ ከድንጋይ ጋር ያልተጣበቁ ነገር ግን ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ፍጥረቶችን በዚህ ስም ጠርቷቸዋል። እሱ ያያቸው ዛሬ በዚህ ስም የምንጠራቸው ናቸው ብሎ መወሰን አይቻልም። ስሙ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ለባሕር ኪያር ተሰጥቶ ቀረ። ስለዚህ የታሪኩ መጀመሪያ ስም እንጂ ዕውቀት አልነበረም።

በቀይ ባሕር የተደረገው ምርመራ ለዚህ ጥናት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1761 ከኮፐንሃገን ከተነሣው የዴንማርክ የዓረቢያ ጉዞ ቡድን ጋር ፔር ፎርስኮል የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበረ። ፎርስኮል በ1763 በየመን ምድር ታሞ ሞተ። ከጓደኞቹ መካከል በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የሟቹን ማስታወሻ ሰብስቦ በ1775 አሳተመው። በዚያ መጽሐፍ ከተገለጹት እንስሳት መካከል ዛሬ ሆሎቱሪያ ኢምፓቲየንስ የሚባለው የባሕር ኪያር ይገኛል። ፎርስኮል የመለሰው «ምንድር ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት ዋና ሥራቸው ስም መስጠትና በወገን በወገን መመደብ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ሄምፕሪሽና ኤሬንበርግ፣ ከ1820 እስከ 1825 በግብፅና በቀይ ባሕር አካባቢ ተዘዋወሩ። ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ። ኤሬንበርግ ወደ አገሩ ተመልሶ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀመጠና በ1838 ስለ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉ ካሳያቸው መካከል ዲያቶም የሚባሉት ይገኛሉ፤ እነዚህ የብርጭቆ ጠባይ ያለው ሽፋን የለበሱና በፀሐይ ብርሃን የሚያድጉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ሲሆኑ፣ ኤሬንበርግ እንስሳት መስለውት ነበር። ይህን እዚህ ላይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የባሕር ኪያር ከአሸዋው ውስጥ ከሚያገኛቸው ምግቦች አንዱ ዲያቶም ነው። በልተኛውንም ሆነ የሚበላውን የመረመሩት ሰዎች በዚያው በአንድ ባሕር ዳር አልፈው ነበር፤ ሁለቱ ዕውቀቶች ግን ገና አልተገናኙም።

2. ዓሣ አጥማጁ ያየው

ሊቃውንት ስም ሲያወጡ፣ በሌላው የዓለም ክፍል ይህ እንስሳ የትልቅ ንግድ ዕቃ ሆኖ ነበር። በቻይና የደረቀ የባሕር ኪያር ለምግብና ለመድኃኒት ስለሚፈለግ፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንለው አገር የሚገኙት የማካሳር መርከበኞች በየዓመቱ በነፋስ እየተነዱ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ይወርዱ ነበር። በማላይ ቋንቋ ሸቀጡ ትሪፓንግ ይባላል። እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ማቲው ፍሊንደርስ በየካቲት 1803 በሰሜን አውስትራሊያ ጠረፍ ስድስት የማካሳር መርከቦች አገኘ። አለቃቸው ፖባሱ በዚያ ወቅት በጠረፉ ላይ 60 መርከቦችና 1,000 ያህል ሰዎች እንዳሉ ነገረው። ይህ ንግድ የአውስትራሊያ ሹማምንት ፈቃድ መስጠት እስካቆሙበት እስከ 1907 ድረስ ቈይቷል።

ከሥራው አንድ ነገር እናስተውል። ትሪፓንግ የሚዘጋጀው እንስሳው ተሰንጥቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ተቀቅሎ፣ ከዚያም በፀሐይና በጢስ ደርቆ ነው። አንጀቱ በአሸዋ የተሞላ ስለሆነ ካልጸዳ ሥጋው አይበላም። ስለዚህ ይህ እንስሳ ሆዱን በአሸዋ እንደሚሞላ ለማወቅ ቢላዋ የያዘ ዓሣ አጥማጅ ሊቅ መሆን አላስፈለገውም። ነገር ግን አሸዋው ለእሱ የሚጣል ቈሻሻ ነበር። አሸዋው ምን እንደያዘ፣ ምን ያህል ጊዜ ሞልቶ እንደሚራገፍ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም።

3. የዳርዊን ስሕተትና የዳርዊን ትምህርት

«ምን ይበላል?» ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት ቀደምት መልሶች ስሙ የገነነው የቻርለስ ዳርዊን ነው። ዳርዊን በሚያዝያ 1836 በሕንድ ውቅያኖስ ወደሚገኙት የኪሊንግ ደሴቶች ደረሰ። በ1842 ስለ ኮራል ባሳተመው መጽሐፍ፣ የባሕር ኪያሮች በኮራሉ ላይ በብዛት እንደሚገኙና የሚመገቡትም ሕይወት ያለውን ኮራል እንደሆነ ጻፈ። ይህን የነገረው አለን የተባለ ሐኪም ነው። ዳርዊንም በእንስሳው ጉሮሮ ዙሪያ ያለውን ጠንካራ የኖራ ቀለበት አይቶ፣ ለዚህ ሥራ የተመቸ መስሎት ነገሩን ተቀበለ። ከዚህም አልፎ በየዓመቱ በእነዚህ እንስሳትና በዓሦች ተፈጭቶ ደቃቅ ጭቃ የሚሆነው ኮራል እጅግ ብዙ መሆን አለበት ብሎ ገመተ።

ይህ ግምት ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹ እውነት ነው። የኖራው ቀለበት ጥርስ አይደለም፤ ጡንቻዎች የሚያያዙበት ምሰሶ ነው። የባሕር ኪያር አይነክስም፤ አያኝክም። ካርል ዜምፐር በፊሊፒን ደሴቶች ያደረገውን ሰፊ ጥናት በ1868 ካሳተመ በኋላ የእንስሳው የውስጥ አካል ይበልጥ ታወቀ። አንጀቱን ከፍተው የመረመሩትም ሊቃውንት የሚያገኙት የሞተ አሸዋ፣ የዛጎል ስባሪና ደለል እንጂ ተነክሶ የተወሰደ ሕያው ኮራል አልነበረም። ዳርዊን በምግቡ ዓይነት ተሳስቷል፤ በብዛቱ ግን ከዘመኑ ቀድሞ ትክክለኛውን ጥያቄ አንሥቷል። የጐደለው ሚዛን ብቻ ነበር።

የሚያስደንቀው፣ ሚዛኑን ራሱ ዳርዊን በሌላ እንስሳ ላይ ማሳየቱ ነው። በ1837 ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ስለ ምድር ትል አጭር ጽሑፍ አነበበ፤ ከ44 ዓመት በኋላም በ1881 በዚሁ ጉዳይ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ። በብዙ የእንግሊዝ አገር ቦታዎች ትሎች በአንድ ኤከር መሬት ላይ በየዓመቱ ከ10 ቶን በላይ አፈር በሆዳቸው አሳልፈው ወደ ላይ እንደሚያወጡ አሰላ። ብዙ ሰው ትል ደካማ ፍጥረት ስለሆነ ይህን ያህል አይሠራም ይል ነበር። በእኛ አገር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ዳርዊን ያስተማረው ትንሽ ሥራ ሳያቋርጥ ሲደጋገም የምድርን ገጽ እንደሚለውጥ ነው። ይህ ትምህርት ወደ ባሕር ወለል እስኪሻገር ግን ሌላ 37 ዓመት አለፈ።

4. ከጥልቁ ባሕር ወደ ሚዛን

በመካከሉ አንድ ታላቅ ጉዞ ተደርጓል። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከታኅሣሥ 1872 እስከ ግንቦት 1876 ውቅያኖሶችን እየዞረች ወለላቸውን በመረብ ጠረገች። የተገኙትን የባሕር ኪያሮች ስዊድናዊው ያልማር ቴል መርምሮ በ1882 እና በ1886 ሁለት ትልልቅ ክፍሎች አሳተመ። ከዚህ የታወቀው፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ጭቃ ላይ እንኳ ይህ የእንስሳ ወገን በብዛት እንደሚኖር ነው። በዚያ ጨለማ ተክል አይበቅልም። ስለዚህ ጭቃ በሊታው የሚኖረው ከላይኛው ባሕር ሞቶ በሚዘንበው ርጋፊና በርጋፊው ላይ በሚራቡት ባክቴሪያዎች ነው።

«ምን ያህል?» የሚለውን ጥያቄ ከሚዛን ጋር ካቀረቡት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ አሜሪካዊው ክሮዚየር ነው። ክሮዚየር በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ በቤርሙዳ ደሴት የሚኖረውን ስቲኮፐስ የተባለ የባሕር ኪያር መረመረ። በአንድ በከፊል በተከለለ የባሕር ክፍል ውስጥ በየዓመቱ ከ500 እስከ 1,000 ቶን የሚሆን የወለል ደለል በእነዚህ እንስሳት ሆድ እንደሚያልፍ ገመተ። የስሌቱ መንገድ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም የአንድ እንስሳ አንጀት ምን ያህል ደለል እንደሚይዝ፣ በቀን ስንት ጊዜ ሞልቶ እንደሚራገፍ፣ በቦታውም ስንት እንስሳት እንዳሉ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ማባዛት ነው። ከማባዛቱ በፊት ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አሸዋውን መመዘን ነበረበት።

5. አሸዋው እንዴት ምግብ ይሆናል

አሁን በብዙ ሰዎች ድካም የተገኘውን ዕውቀት ባጭሩ እንግለጽ። ደለል በሊታው የባሕር ኪያር በአፉ ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ 20 የሚሆኑ ትንንሽ ክንዶች አሉት። የክንዶቹ ጫፍ ሰፋ ያለና ጋሻ መሰል ነው። ክንዶቹን በተራ በወለሉ ላይ ይጫናል፤ አሸዋው ይጣበቅባቸዋል፤ እያጠፈም ወደ አፉ ያስገባቸዋል። ከአፍ የገባው ደለል ወደ ረጅሙ አንጀት ይገባል። አንጀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነቱ ርዝመት ሁለት ሦስት እጥፍ ስለሚሆን፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ተመልሶ ወደ ፊት ይወጣል፣ እንደገና ወደ ኋላ ወርዶ ወደ መውጫው ይደርሳል።

ምግቡ አሸዋው ራሱ አይደለም። ከሚውጠው ደለል ውስጥ ሊፈጭ የሚችለው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ ይኸውም በአሸዋው ቅንጣት ላይ የተለጠፉት ባክቴሪያዎች፣ ዲያቶሞችና የሞቱ ነገሮች ርጋፊ ናቸው። አንጀቱ ይህን በኤንዛይም አሟሙቶ ይመጠዋል፤ የቀረው አሸዋ በዝልግልግ ፈሳሽ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ሆኖ ይወጣል። ምግቡ ቀጭን ስለሆነ መብዛት አለበት፤ እንስሳው የሚኖረው ብዙ በመዋጥ ነው። ይህን ስንረዳ «ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ያለ «ምን ያህል?» ሙሉ እንዳልነበረ ግልጽ ይሆናል።

በአንጀት ውስጥ ሲያልፍም አሸዋው ሙሉ በሙሉ እንደገባ አይወጣም። በኮራል አካባቢ ያለው አሸዋ ኖራማ ስለሆነ ከፊሉ በአንጀቱ ውስጥ ይሟሟል። በአውስትራሊያ ዋን ትሪ በተባለው የኮራል ቦታ የተደረገና በ2011 የታተመ ጥናት፣ በሌሊት ከሚሟሟው ኖራ እስከ እኩሌታው ድረስ በባሕር ኪያር ሆድ የሚሟሟ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ኮራልን የሚጐዳ ይመስላል፤ ነገር ግን የሟሟው ኖራ የባሕሩን ውሃ አሲድነት ይቀንሳል፣ ከእንስሳው የሚወጣው አሞኒያም ለጥቃቅን ተክሎች ማዳበሪያ ይሆናል። ስለዚህ ወሳጅም ሰጪም ነው።

ከቅርብ ዘመን ግኝቶች አንድ እንጨምር። የባሕር ኪያር የሚተነፍሰው በመውጫው በኩል ውሃ እያስገባ ነው። በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ የሚኖር አንድ ትልቅ የባሕር ኪያር በዚያው በር ከሚገባው ውሃ ጭምር ምግብ እንደሚያገኝ ገለጸ። ከፎርስኮል መጽሐፍ 238 ዓመት በኋላ እንኳ ይህ እንስሳ በየትኛው ጫፉ እንደሚበላ ገና አዲስ ነገር ይገኝ ነበር ማለት ነው።

6. ቍጥሩ የገለጠውና የሚያስጨንቀው

ክሮዚየር የጀመረውን ሥራ ሌሎች አስፋፍተውታል። ስቬን ኡቲከ በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ቦታ በሊዛርድ ደሴት ያደረገውን ጥናት በ1999 አሳተመ። ሆሎቱሪያ አትራ የሚባለው ጥቁሩ ዓይነት፣ ይህም በቀይ ባሕር ጭምር የሚኖር ነው፣ በአማካይ በቀን 67 ግራም ደረቅ ደለል እንደሚውጥ አገኘ። ይህ በዓመት ሲሰላ ለአንድ እንስሳ 24 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ከሌላ ዓይነት ጋር ተቀላቅለው በሚኖሩበት 1,000 ካሬ ሜትር ላይ በዓመት 4,600 ኪሎ ደለል ያሳልፋሉ፤ ይህም የወለሉን የላይኛውን 5 ሚሊሜትር በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ማረስ ነው።

እኛ ይህን ከዳርዊን ቍጥር ጋር ለማስተያየት ሞክረናል። አንድ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የዳርዊን 10 ቶን ለ1,000 ካሬ ሜትር 2,500 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቦታውና አመዛዘኑ የተለያየ ስለሆነ ማን በለጠ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መጠን የሚለኩ መሆናቸውን ለማሳየት ይበቃል። ትል ለእርሻ መሬት የሆነውን ያህል የባሕር ኪያር ለባሕሩ ወለል ሆኗል። በ2021 ደግሞ ተመራማሪዎች በሄሮን ደሴት የኮራል ቦታ ላይ ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ አሰማርተው እንስሳቱን ከአየር ቈጠሩ፤ በዚያ አንድ ቦታ ብቻ በዓመት 64,000 ቶን ያህል ደለል በሆዳቸው እንደሚያልፍ አሰሉ።

ይህ ዕውቀት ሲደራጅ ገበያው አልጠበቀም። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የቻይና ገበያ እየሰፋ በመሄዱ አጥማጆች ከባሕር ወደ ባሕር እየተሻገሩ የባሕር ኪያርን ለቀሙ። እንስሳው ቀርፋፋ ነው፤ አይሸሽም፤ ጠላቂ በእጁ ያነሣዋል። ለጎረቤታችን ለቀይ ባሕርም ተርፎለታል። በግብፅ ጠረፍ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ለቀማ ብዙ ጉዳት ስላደረሰ በ2003 ፈጽሞ ተከለከለ። ውድ ዋጋ ያላቸውን ሦስት ዓይነቶች ንግድ ለመቈጣጠር በ2019 የዓለም አገሮች ተስማምተው፣ ውሳኔው ከ2020 ጀምሮ ጸንቷል።

እንስሳው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ2024 የታተመ ጥናት አመለከተ። በሰላማዊ ውቅያኖስ በሞሬአ ደሴት ተመራማሪዎች ከአንዳንድ ቦታ የባሕር ኪያሮችን አንሥተው ኮራሎችን ተከታተሉ። እንስሳቱ በተነሡበት ቦታ የኮራሎቹ የመሞት ዕድል 15 እጥፍ ያህል ከፍ አለ። ደለሉን የሚያጸዳ ሲታጣ በውስጡ የሚራቡት ጥቃቅን ነገሮች ኮራሉን ይጐዱታል ተብሎ ይታመናል። እዚህ ላይ ዳርዊንን እናስታውስ። እሱ የባሕር ኪያር ኮራልን ይበላል ብሎ ነበር፤ ሚዛኑ ሲወጣ ግን ጠባቂው ሆኖ ተገኘ።

7. መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ መልክን አይቶ ሥራን መገመት ታላቁን ሊቅ እንኳ ያሳስታል፤ የኖራውን ቀለበት ጥርስ ያደረገው መልኩ ነውና። ሁለተኛው፣ ማካሳሮች በቢላዋ ከፍተው የጣሉት አሸዋ የጉዳዩ ቍልፍ ነበረ። ምርት ብለን የምንይዘውና ቈሻሻ ብለን የምንጥለው በጥያቄያችን የሚወሰን ነው። ገበያው ሥጋውን መዘነ፤ ሳይንስ አሸዋውን ለመመዘን እስከ 1918 ዘገየ። በዚያ መዘግየት ውስጥ የጠፋውን በሙሉ መመለስ አይቻል ይሆናል፤ ሆኖም ገና ያልተለቀሙት ወለሎች የሚተዳደሩት በየትኛው ሚዛን እንደሆነ የሚወስነው የእኛ ትውልድ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያቀረብነው የተፈጥሮ ታሪክና የሰው ታሪክ በአንድነት ሊጠኑ እንደሚገባ ለማስታወስ ነው።